«ልታነሺልኝ ነው ወይስ ልታነሺው?»፦ ሁለት እውነት ስለያዙ ፎቶዎች

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ያውም ሌሊት። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ድረስ ስለማይደርስ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ቀድቶ መውጣት ግድ ነው። ጀሪካኖቹ ከማታ ጀምረው ይሰለፋሉ። እኛ ተኝተን እነሱ ወረፋ ይጠብቁልናል። እያንዳንዱ ላይ በማርከር የቤት ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ የለቀቀበት ደግሞ እጀታው ላይ ምልክት ታስሮበታል፤ ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር፣ የጫማ ማሰሪያ።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ስወርድ እነዚያ ጀሪካኖች ፊት አንዲት የግቢያችን ወጣት ቲክቶክ ስትሠራ አገኘኋት። ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ከኋላዋ ሃያ ያህል ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ከበላይዋ በየበረንዳው ዲሽ ተተክሏል። ስልኳ አዲስ ነው። ኔትወርኩም እንደ ልብ ነው። ቧንቧው ግን ገና እየተንጠባጠበ ነበር። ዘመናችን በአንድ ፍሬም ገባልኝ አልኩና ስልኬን አወጣሁ።

ላነሳ ስል ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ስድሳዎቹን ያለፉ ጎረቤቴ ናቸው። ግቢው በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሁለት ጀሪካን ሞልተው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጀሪካኑን ልታነሺልኝ ነው ወይስ ልታነሺው?»

ፎቶም ይነሳል፣ ሸክምም ይነሳል። ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ግስ ሰጥቷል። እትዬ ቅኔ ሊዘርፉ አስበው አይመስለኝም። ደክሟቸው ነበር። ስልኬን ኪሴ ከትቼ አንዱን ጀሪካን አነሳሁ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እጄ ዝሎ ነበር። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ተቃርኖን የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት የምንወደው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ፎቶ ምን ሸክም ያነሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ከያዙ ልጆች ጋር ትንሽ ከተጫወታችሁ «ኮንትራስት» የሚለውን ቃል መስማታችሁ አይቀርም። በሙያው ቋንቋ በደማቁና በጥቁሩ መካከል ያለ ልዩነት ማለት ነው። በልጆቹ አፍ ግን ሌላ ትርጉም ጨምሯል። አሮጌና አዲስ፣ ማጣትና ማግኘት አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ «ኮንትራስት» ይባላል። ከቀላል ባቡሩ ሐዲድ ስር የሚያልፍ አህያ። የመስታወት ሕንጻ ጥግ ሳጥኑ ላይ የተቀመጠ ሊስትሮ። ጋቢ ለብሰው ስልክ ጆሯቸው ላይ የያዙ አባት። እነዚህን ፎቶዎች ሁላችንም አይተናል። ላይክ ያመጣሉ።

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ አይገቡልኝም። አንዴ ስታያቸው ይገርማሉ። ሁለተኛ ስትመለስባቸው የሚጨምሩልህ ነገር የለም። ምክንያቱም ፎቶግራፈሩ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቆመ እንጂ አንዱንም አላወቀውም። ሊስትሮው ሊስትሮ ነው፤ በቃ። ፊቱ፣ እጁ፣ ሳጥኑ ላይ የለጠፈው የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ አይታይም። ሕንጻውም ሕንጻ ነው። ማን እንደሚሠራበት፣ ማታ የትኛው መስኮት እንደሚበራ አናውቅም። ሁለቱም ምልክት ሆነው ቀርተዋል።

ጥሩው ፎቶ የሚሠራው ሌላ ነው። እሱን ለማስረዳት «ግን» ከምትለው ትንሽ ቃል ልጀምር። «ከተማዋ አምራለች፤ ግን ሰው ከሰፈሩ ተነስቷል» ብዬ ብጽፍ ፍርዴ ይታወቃል። «ሰው ከሰፈሩ ተነስቷል፤ ግን ከተማዋ አምራለች» ብል ደግሞ ፍርዴ ተገለበጠ። ቃላቱ ያው ናቸው። ከ«ግን» በኋላ የመጣው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ፎቶ «ግን» የለውም። የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል አይነግርህም። ሁለቱም እኩል እዚያው ናቸው። የሚጨነቀው ተመልካቹ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ፎቶ ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስለዋል። እኔ ወደ ኅብር ቅኔ የሚጠጋ ይመስለኛል። በሰምና ወርቅ ሰሙ መያዣ ነው። ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። ኅብር ላይ ግን አንዷ ቃል ሁለት ትርጉም ትይዛለች፤ ልክ እንደ እትዬ «ማንሳት»። አንዱን ጥለህ ሌላውን ልትይዝ አትችልም።

ይህን ከሠሩት ሥራዎች ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው በ1937 አሜሪካ ውስጥ የተነሳ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ጥር የኦሃዮ ወንዝ ሞልቶ ከተሞችን አጥለቀለቀ። ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ላይፍ መጽሔት ማርጋሬት በርክ-ዋይት የተባለችውን ፎቶግራፈሩን ወደ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ላከ። እዚያ የእርዳታ ሰልፍ አገኘች።

ፎቶውን አንዴ አብረን እንየው። ከታች ሰዎች ተሰልፈዋል። የሚታዩት ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። ካፖርት ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል። አንዱ ቅርጫት፣ ሌላው ባልዲ ይዟል። አንዳንዶቹ ካሜራውን ያያሉ። ሌሎቹ ወረፋውን ነው የሚያዩት። ከጀርባቸው ግድግዳ የሚያክል የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ አንድ ነጭ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ። ከላያቸው «በዓለም ከፍተኛው የኑሮ ደረጃ» የሚል ጽሑፍ አለ። መኪናው በተሰላፊዎቹ አናት ላይ እየነዳ የሚያልፍ ይመስላል። የሰሌዳው ፊቶች ከሰዎቹ ፊት ይተልቃሉ።

ይህ ፎቶ ከአህያና ባቡሩ በምን ይለያል? መጀመሪያ ነገር፣ ሰልፉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፊት አለው። «ድሆች» ብለህ ልትጠቀልላቸው አትችልም። ካፖርታቸው ጥሩ ነው። ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ናቸው እንጂ ለማኝ አይደሉም። ሌላው ደግሞ ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ራሱ የማይታበል እውነት ነው። የአምራቾች ማኅበር አሠርቶ በየከተማው ያቆመው ማስታወቂያ ነበር። በርክ-ዋይት ሁለቱንም ሙሉ አድርጋ አስገባቻቸው። አንዱም አልተቆረጠም።

አስገራሚው ታሪክ የመጣው በኋላ ነው። ፎቶው ዓመታት ሲያልፉ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ምስል ተደርጎ ይታወቅ ጀመር። ብዙ ሰው ዛሬም የሥራ አጦች የዳቦ ሰልፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ሰዎቹ ግን የተሰለፉት በጎርፍ ምክንያት ነው። እንግዲህ እውነተኛ ፎቶ ነው፤ የሚነገርለት ታሪክ ግን ልክ አይደለም። ሆኖም ሰዎች ለምን እንደሚሳሳቱ ይገባኛል። ከጎርፉ ይልቅ ሰሌዳው ስለሚጮህ ነው። ውሃው ፎቶው ላይ የለም። ምክንያቱ ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል። ፎቶ ተቃርኖን ሲያሳይ መንስኤውን ይደብቃል። ይህ ትልቁ ድክመቱ ነው። አጠገቡ ጽሑፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ከፍ ብሎ ማየት ፋሽን ሆኗል። በ2004 ቱካ ቪየይራ የተባለ ብራዚላዊ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ፓራይሶፖሊስ የተባለውን የድሆች ሰፈር ከላይ አነሳው። በግራ በኩል የተጠጋጉ የድሃ ቤቶች፣ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ በረንዳ መዋኛ ገንዳ ያለው ፎቅ። በመካከላቸው አንድ አጥር ብቻ። ከ2016 ጀምሮ ጆኒ ሚለር የተባለ ፎቶግራፈር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በድሮን ይህንኑ ሠራ። ከላይ ሲታይ ዛፉና ሣሩ በአንድ መስመር ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ነው። አፓርታይድ በከተማ ፕላን ላይ የሰመረው መስመር ዛሬም ከሰማይ ይታያል። እነዚህ ፎቶዎች መሬት ላይ ቆመህ የማታየውን ነገር ያሳያሉ። ግንቡ ስር የቆመ ሰው ከወዲያ ያለውን አያይም። ዋጋቸው ይህ ነው። ጉድለታቸው ደግሞ ሰው የለባቸውም። ከዚያ ከፍታ የማንም ፊት አይለይም።

ወደ ከተማችን ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ አንድ ዓይነት ፎቶ በየስልካችን ይዞራል። ግማሹ ላይ «በፊት»፣ ግማሹ ላይ «አሁን» ተብሎ ይጻፍበታል። በፊት፦ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጭቃ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ። አሁን፦ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ አበባ። ሌላው ወገን ያንኑ ይገለብጠዋል። በፊት፦ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰው የሚተራመስበት፣ ሳንቡሳው የሚጠበስበት። አሁን፦ ባዶ ሜዳ።

ሁለቱም የሚያሳዩት ነገር ተፈጥሯል። ግን ሁለቱም «በፊት» እና «አሁን» የሚሉት የፎቶን ኃይል ለመግደል ነው። አንድ ላይ የኖሩ ሁለት ነገሮችን በጊዜ ለያይተው ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዱናል። እኔ ያን መንገድ ማታ ማታ እሄድበታለሁ። ልጆች ብስክሌት ሲነዱ፣ ሴቶች ሳይሰጉ ሲራመዱ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ያ ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ የአክስቴ ዕድር ተበትኗል። አርባ ዓመት አብረው ሲቀባበሩ የኖሩ ሰዎች ዛሬ በአራት አቅጣጫ ነው ያሉት። ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ደስታዬም ሐዘኔም የአንድ ሰው ናቸው፤ የኔ። ይህን የሚይዝ ፎቶ ነው የቸገረኝ።

ሚካኤል ጸጋዬ ቀደም ብሎ ወደዚህ ተጠግቶ ነበር። ሚካኤል ሥዕል የተማረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ብሩሹን ትቶ ካሜራ ያዘ። ስለ አዲስ አበባ መለወጥ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ «የወደፊት ትዝታዎች» እንደ ማለት ያለ ርዕስ አለው። ርዕሱ ላይ ትንሽ ቆዩ። ትዝታ ያለፈ ነገር ነው። እሱ ግን ገና ሳይፈርስ የሚናፈቅ ከተማ ነው የሚያሳየን። ቤቱ ቆሟል፤ ሰውም ይኖርበታል። ፎቶው ግን ከወዲሁ ይሰናበተዋል።

በሌላ ሥራው ደግሞ መቃብር ላይ የተለጠፉ ፎቶዎችን አነሳ። እነዚያን ታውቋቸዋላችሁ። ቤተሰብ የሟችን ጉርድ ፎቶ መርጦ ድንጋዩ ላይ ያስለጥፋል። እንዳይረሳ ነው። ፀሐይና ዝናብ ግን ፊቱን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ዓይን ይጠፋል፣ አፍ ይሰነጠቃል። የሞተን ሰው እንዲያቆይ የተቀመጠው ፎቶ ራሱ ይሞታል። ሚካኤል ያንን የሚሞት ፎቶ በሌላ ፎቶ ያዘው። ሳየው አንጀቴን በላኝ። የአባቴ መቃብር ላይ ያለውም ገርጥቷል።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስለ ፎቶና ተቃርኖ የሚጽፍ ሰው 1977 ዓ.ም.ን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ስለ ረሃቡ ከኮረም የተላከ ዘገባ አስተላለፈ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር፤ ዘጋቢው ማይክል በርክ። ዓለም ደነገጠ። እርዳታ ጎረፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ውስጥ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ። ያ ምስል ሕይወት አድኗል። ይህን መካድ ነውር ነው። ያው ምስል አንድን አገር በአንድ ፊት ብቻ አስሮ አስቀርቶታል። ይህንንም መካድ አይቻልም። አሜሪካ ያደገች የአጎቴ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናንተ አገር ምግብ አለ?» የሚል ነበር። ረሃቡ ካለፈ አሥር ዓመት አልፎት ነበር።

ከእርዳታ ፎቶ ሁሉ በጣም የተደጋገመው ደግሞ ውሃ የተሸከመች ሴት ናት። ጀርባዋ ጎብጧል። መንገዱ አቧራ ነው። ስሟ አይጻፍም።

አይዳ ሙሉነህ ይህን ፎቶ ነው የተጋፈጠችው። አይዳ በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች። በልጅነቷ ከአገር ወጥታ የመን፣ ቆጵሮስ፣ ካናዳ አደገች። ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ አንስታለች። የዜና ፎቶን ከውስጥ ታውቀዋለች ማለት ነው። በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ መሠረተች።

በ2018 ወተርኤድ የተባለው የውሃ እርዳታ ድርጅት ስለ ውሃ ችግር ሥራ አዘዛት። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አንድ የገጠር ቧንቧ ሄዶ ወረፋ ያነሳ ነበር። እሷ ወደ አፋር፣ ዳሎል ሄደች። ዳሎል ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ምድር ነው። በ1960ዎቹ እዚያ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። የሚጠጣ ውሃ የሌለበትን ቦታ መርጣ ስለ ውሃ 12 ፎቶዎችን ሠራች። ሴቶቹ ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ለብሰዋል። ፊታቸው በቀለም ተቀብቷል። ቀጥ ብለው ቆመዋል። በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ውስጥ ታዩ።

ሰው የሚጠይቀው ያው ጥያቄ ነው። ችግርን እንዲህ አሳምሮ ማሳየት ተገቢ ነው? በ1980ዎቹ አጋማሽ የሳህልን ረሃብ ያነሳው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶም ይህ ትችት ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ፤ የሚያሳዩት ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ያ ያስጨንቃል፤ ሊያስጨንቅም ይገባል።

የአይዳ ግን ከዚህ ይለያል ባይ ነኝ። እሷ ፎቶ ላይ የቆመችው ሴት ሞዴል ናት። እያወቀች፣ ተስማምታ፣ ቀለም ተቀብታ ነው የቆመችው። የማንም ውርደት አልተሸጠም። የማንም ልጅ አድጎ «እናቴን ጎንበስ ባለችበት አነሳችኋት» አይልም። ውበቱ ደግሞ ችግሩን አልሸፈነውም። እንዲያውም ዓይንህን አስሮ ያቆይሃል። የተለመደውን የእርዳታ ፎቶ ዓይናችን በሰከንድ ያልፈዋል። ይህንን ግን «ይህች ሴት እዚህ ምድረ በዳ ምን ትሠራለች?» እያልክ ታየዋለህ። የዜና ፎቶ እውነተኛ ሴት አንስቶ ምልክት ሲያደርጋት፣ አይዳ የፈጠረቻት ሴት ክብሯን ይዛ ቆማለች። የተቀነባበረው ፎቶ ከተገኘው ፎቶ የበለጠ ታማኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የአይዳ የ2016 ሥራ ደግሞ «ዓለም 9 ናት» ይሰኛል። ርዕሱን የወሰደችው ከአያቷ አባባል ነው። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ዓለም ዘጠኝ ናት፤ አስር አትሞላም። ስልክ ሲኖር ውሃ የለም። ቤት ሲገኝ ጎረቤት ይርቃል። አያቶቻችን ለዚህ ነገር ፍልስፍና አልጻፉም፤ ቁጥር ሰጡት። ጎዶሎው የሚሞላ አድርገው አላዩትም። ስሙን አውቀው አብረውት ኖሩ። አይዳ ያን ጎዶሎ በቀለም ስትስለው ለእኛ እንግዳ አልሆነም። እንግዳ የሚሆነው ለጋለሪው ተመልካች ነው።

ግርማ በርታ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። የሚያነሳው በአይፎን ነው። የአዲስ አበባን መንገደኞች ያነሳል፤ ተሸካሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዕቃ አንጠልጥለው የሚያልፉ ሰዎች። ከዚያ መንገዱን በሙሉ ያጠፋዋል። ሰውየውና ጥላው ብቻ አንድ ደማቅ ቀለም ላይ ይቀራሉ። ለዚህ ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አግኝቷል። መጀመሪያ ሳየው ከተማውን ከሰዎቹ መንጠቅ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። መንገድ ላይ ያን ተሸካሚ አላየውም ነበር። ከተማው ይውጠው ነበር። ግርማ ከተማውን ሲያነሳለት ሰውየው ታየ። አረማመዱ፣ የሸሚዙ እጅጌ አጠቃለል፣ ዕቃው ወደ የት እንዳጋደለ ታየ። ጥላውን አለማጥፋቱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ጥላ ያለው ሰው ፀሐይ ስር የቆመ፣ መሬት የረገጠ ሰው ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ መቆራረጥ ከውሸት በምን ይለያል?» የሚል ይኖራል። በተለይ አሁን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በሰከንድ የፈለግኸውን ምስል በሚሠራበት ጊዜ። በ2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በኤአይ የሠራውን ምስል ለሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር አስገባና አሸነፈ። ከዚያ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በቀጣዩ ዓመት ተቃራኒው ሆነ። ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶግራፈር ጭንቅላት የሌላት የምትመስል ፍላሚንጎ ፎቶ በሌላ ውድድር በኤአይ ዘርፍ አስገባ። ተሸለመ። ከዚያ እውነተኛ ፎቶ መሆኑን ተናገረ። ወፏ አንገቷን አጥፋ ሆዷን እያከከች ነበር። ከውድድሩ ተሰረዘ። እውነተኛ በመሆኑ የተሰረዘ ፎቶ!

ለእኔ ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ሳይሆን ዕዳው ላይ ነው። የግርማ ተሸካሚ መርካቶ ውስጥ ከመንገዱ ማዶ ሊያጋጥምህ ይችላል። «ለምን አነሳኸኝ?» ሊልህ ይችላል። የበርክ-ዋይት ተሰላፊዎች ካሜራውን እያዩ ነበር። ኤአይ የሠራው ፊት ግን ማንንም አያይም። የሚጠይቅህ ሰው የለም።

እኔን ግን ጠይቀውኛል። የዚያን ቀን ጀሪካኑን በራቸው ላይ ሳሳርፍ እትዬ ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ ማንሳቱ ካማረሽ እኔን አንሺኝ» አሉ። ገብተው የታጠበ ነጠላ ለብሰው ወጡ። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። በሩ ጋ ቆሙ። ከዚያ ዝቅ ብለው ጀሪካኑን አዩትና በእግራቸው ገፋ አድርገው ከቀሚሳቸው ኋላ ደበቁት። «አሁን» አሉኝ። አነሳኋቸው። ስክሪኑ ላይ ሳየው ከቀሚሳቸው ጫፍ አጠገብ ትንሽ ቢጫ ማዕዘን ብቅ ብላለች። ቀይ ክር ታስሮበታል። አልነገርኳቸውም።

«አሳጥበሽ አምጪልኝ» ብለውኝ ስለነበር በሳምንቱ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ፎቶውን ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ምንም አላሉም። ቡና አፍልተው አጠጡኝ።

ለፋሲካ ልጠይቃቸው ስገባ ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥሩ ፍሬም ገዝተውለታል። ነጠላቸው ይታያል፣ ፊታቸው ይታያል። ጀሪካኑ የለም። ሲስቁ አየኋቸውና ፍሬሙን አውርጄ ገለበጥኩት። አልቆረጡትም። ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አጥፈውታል፤ ቢጫዋ ማዕዘን ከነቀይ ክሯ ከካርቶኑ ጀርባ ነበረች።